ባትሪ በሌለበት ባትሪ የሚቆጥብ ዲስክ

«ታስባለች» አሉ የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ኮምፒውተሯን በአገጫቸው እየጠቆሙ። «ደህና ስትሠራ ቆይታ ድንገት ቆም ትላለች። ከሆዷ ቀጭ የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ከዚያ ምንም እንዳልነካት ትቀጥላለች።»

ቤቱ ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ከሚያስተይቡባቸውና ከሚያስጠርዙባቸው ጠባብ ክፍሎች አንዱ ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ከግድግዳው ተጠግቷል፤ ከጠረጴዛው በታች ጎኗ የተከፈተ ዴስክቶፕ አለች። የከፈታት አብሬው የመጣሁት ወጣት ቴክኒሻን ነው። ከወራት በፊት የኮምፒውተሯ ትልቁ ሀርድ ዲስክ ሲሞት፣ ስክሪኑ ከተሰበረ ላፕቶፕ የወጣ ትንሽ ዲስክ የገጠመላቸው እሱ ራሱ ስለሆነ ቀጭታው የእሱም ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ አዲስ አበባ ውስጥ እንግዳ አይደለም። ያገለገለ ላፕቶፕ ከዱባይ ይገባል፤ ማዘርቦርዱ የተቃጠለው ወይም ስክሪኑ የተሰነጠቀው ለመለዋወጫ ይፈታል። ራሙ ለሌላ ላፕቶፕ ይሄዳል፤ ቻርጀሩ ለብቻው ይሸጣል። ሀርድ ዲስኩን ግን፣ የላፕቶፕ ባለቤት ሁሉ ሳህን የማያሽከረክረውን ፈጣኑን ኤስኤስዲ በሚጠይቅበት በአሁኑ ጊዜ፣ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው። መሳቢያ ውስጥ ሲጠራቀም ከርሞ አንድ ቀን ዴስክቶፕ ይገባል።

በቁመና አይመጣጠኑም። የዴስክቶፕ ዲስክ ወርዱ 101.6 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 26 ያህል ነው። የላፕቶፑ ወርዱ 69.85 ሲሆን ውፍረቱ 9.5 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ብቻ። ስለዚህ ትልቁ በተቀመጠበት ቦታ ትንሹን ብታስገቡት ብሎኑ የሚይዘው ነገር ያጣል። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ብራኬት አለ፤ ቴክኒሻኑ ግን ከወደቀ ኬዝ ላይ ላሜራ ቆርጦ፣ በስቶ፣ ጠርዙን በፋይል አለስልሶ የራሱን ሠርቷል። ሳየው ንጹሕ ሥራ ነው። ብሎኖቹ ላይ ግን አልቀለደም። የትልቁ ዲስክ ብሎን ጥርሱ ሰፊ ነው፤ የትንሹ ኤም3 የሚባለው ደቃቅ ነው። አንዱን በሌላው ቀዳዳ በካቻቢቴ ጉልበት የሚያስገባ ሰው የዲስኩን አሉሚኒየም ይጨርሰዋል።

ሽቦው ነው የሚገርመው። ዳታውን የሚያመላልሰው ባለ 7 እግር መሰኪያና ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ባለ 15 እግር መሰኪያ በሁለቱም ላይ አንድ ነው። ከዴስክቶፑ ዲስክ ነቅሎ የላፕቶፑ ዲስክ ላይ መሰካት ነው፤ አስማሚ የለም፣ ብየዳ የለም። ይህ የሆነው ሳታ የሚባለው መሰኪያ ከመጣ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው በአይዲኢ ዘመን ትልቁ ዲስክ ባለ 40 እግር ሰፊ ኬብልና ለኤሌክትሪክ የተለየ ባለ አራት ቀዳዳ መሰኪያ ነበረው። የላፕቶፑ ግን ኤሌክትሪኩን ጭምር በዚያው ኬብል ስለሚወስድ 44 እግር ሆነ፤ በእግሮቹ መካከል ያለውም ርቀት ከ2.54 ወደ 2 ሚሊ ሜትር ጠበበ። አስማሚ መሰኪያ ይሸጥ ነበር፤ ገልብጦ የሰካው ሰው ዲስኩን ያቃጥላል። የድሮ ቴክኒሻኖች ስለዚህ ጉዳይ ሲያወሩ አሁንም ፊታቸው ይለዋወጣል።

ወደ ቀጭታው እንመለስ።

እኛ ከተማ ኮምፒውተር ሲያመው ቀድሞ የሚጠረጠረው መብራት ነው። ቴክኒሻኑ ከጎረቤት የልብስ ስፌት ቤት ዩፒኤስ ተውሶ ኮምፒውተሯን በእሱ ላይ ሰካት። ባለቤቷ አንድ ገጽ መተየብ ጀመሩ፤ ደንበኛ መጣና ቆም አሉ። ቀጭ። መብራቱ አልተንቀጠቀጠም፤ ዩፒኤሱም አልጮኸም።

ቀጥሎ የተጠረጠረው ፓወር ሳፕላዩ ነው። አርጅቷል፤ ማራገቢያው አቧራ ጠግቧል፤ 12 ቮልት መስመሩ ሲዳከም ሀርድ ዲስክ ተነስቶ ይወድቃል፤ ሲወድቅም ይጮኻል። እዚህ ላይ ቴክኒሻኑ የሞተውን ትልቅ ዲስክ ከመደርደሪያ አውርዶ ከአዲሱ አጠገብ አስቀመጠና ሁለቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ። በትልቁ ላይ 5 ቮልትም 12 ቮልትም ተጽፏል። በትንሹ ላይ 5 ቮልት ብቻ። «አየህ ጋሼ፣ ይሄ 12ቱን ጭራሽ አይነካውም።» መሰኪያው ላይ መስመሩ ይመጣል እንጂ የላፕቶፕ ዲስክ አይጠቀምበትም። ትልቁ ሞተሩን ሲያስነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከ20 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል፤ ትንሹ ግን 5 ዋት አካባቢ ይበቃዋል። የደከመ ፓወር ሳፕላይ ያለው ሰው የላፕቶፕ ዲስክ ቢገጥም እንዲያውም ይገላገላል። ተጠርጣሪው በነፃ ተሰናበተ። ኬብሉም ተቀየረ፤ ቀጭታው ግን አልሄደም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ዲስኩን ራሱን መጠየቅ ነው፤ ዲስክ ደግሞ ሲጠየቅ ይመልሳል። ሀርድ ዲስክ ሁሉ ስማርት የሚባል የራስ ምርመራ መዝገብ አለው፦ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደተነሣ፣ ስንት ቦታው እንደተበላሸ ራሱ ይመዘግባል። ቴክኒሻኑ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነፃ የጃፓን ፕሮግራም ከፍላሹ ላይ ከፈተ። ከላይ ያለው ምልክት ሰማያዊ ሲሆን «ደህና ነው» ይላል። የተበላሸ ቦታ የሚቆጠርበት መስመር ዜሮ፤ ሊበላሽ ነው ተብሎ የሚጠበቀውም ዜሮ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ፕሮግራሙን ዘግቶ «ዲስኩ ደህና ነው፣ ዊንዶውሱ ነው የተበላሸው» ብሎ ፎርማት ያደርገዋል።

ይህኛው አልዘጋውም። የዝርዝሩ የመጨረሻ ዓምድ ላይ ያሉት ቁጥሮች ፊደል የተቀላቀለባቸው፣ በ16 የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለሰው ዓይን ምንም አይናገሩም። ማውጫው ውስጥ ገብቶ በ10 እንዲቆጠሩ አደረጋቸው። ያኔ ሁለት ጎረቤት መስመሮች ለየብቻቸው ወጡ።

የመጀመሪያው ሲ0 የሚል ነው። ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ ዲስኩ አንባቢውን ሄድ በጥድፊያ ወደ ማረፊያው የመለሰበትን ጊዜ ይቆጥራል። በነገራችን ላይ ይህ ሥራ ራሱ ያስደንቃል፤ መብራት ከጠፋ በኋላ ዲስኩ ሄዱን የሚያንቀሳቅስበት ጉልበት ከየት ያመጣል? መረጃው የሚጻፍበት ሳህን ገና እየተሽከረከረ ስለሆነ ሞተሩ ለቅጽበት ጄኔሬተር ይሆናል፤ ባመነጨው ጥቂት ኤሌክትሪክ ሄዱ ይድናል። የዚህ መስመር ቁጥር መብራት በሚጠፋበት ከተማ ከሚጠበቀው ያልበለጠ ነበር።

ሁለተኛው ሲ1 ነው፤ ሄዱ ከማረፊያው ወርዶ ሳህኑ ላይ ስንት ጊዜ እንደገባ ይቆጥራል። እሱ ከ200 ሺህ አልፏል።

«ይሄ ሁሉ መቼ?» አለ ቴክኒሻኑ ለራሱ። ላፕቶፑ ላይ እያለ የተጠራቀመ ሊሆን ይችላልና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ዝም ብለን ጠበቅን። ባለቤቷ ሻይ አስመጡ። ማንም ኪቦርዱን አልነካም። ቀጭ ሲል መዝገቡን አሳደስነው፤ ቁጥሩ በአንድ ጨምሯል። ጥቂት ቆይቶ ዳግም ቀጭ፤ ዳግም አንድ። ድምፁና ቁጥሩ አብረው ሲሄዱ ባለቤቷ እንኳ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

ምን እየሆነ እንደነበረ ለመረዳት ዲስኩ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ሄዱ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖ ሜትር ከፍታ ነው። ላፕቶፕ ደግሞ ይወድቃል፤ ታክሲ ውስጥ ይንገላታል፤ ተከፍቶ ከክፍል ክፍል ይዞራል። በዚያ ሰዓት ሄዱ ከሳህኑ ጋር ቢጋጭ ያ ቦታ ተፋቀ ማለት ነው። ስለዚህ የላፕቶፕ ዲስክ ሠሪዎች ከሳህኑ ጠርዝ ውጭ ትንሽ የፕላስቲክ መወጣጫ አበጁ፤ ሥራ ሲጠፋ ሄዱ እዚያ ላይ ወጥቶ ያርፋል። ያረፈ ሄድ ቢንገላታም ሳህኑን አይነካውም። በዚያ ላይ ከሳህኑ ሲርቅ የአየር ግጭቱ ስለሚቀንስ ሞተሩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፤ ባትሪ ላይ እያንዳንዷ ትንሽ ትቆጠራለች። ለጥቂት ሰከንድ የሚያነበው ካጣ ሄዱን ያሳርፋል፤ ትእዛዝ ሲመጣ ያወርዳል። ቀጭ የምትለው ያቺ መውጣትና መውረድ ናት። ኮምፒውተሯ «የምታስበውም» ሄዱ እስኪወርድ ነው።

ይህ ልማድ ላፕቶፕ ውስጥ ጥበብ ነው። ዴስክቶፕ ውስጥ ግን ከጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ፣ የማይነቃነቅ፣ ባትሪ የሌለው ዲስክ ባትሪ ሲቆጥብ ይውላል። መብራት ከገባላት በኋላም በፋኖስ ዘመን ልማዷ ጋዝ እንዳያልቅ በየደቂቃው እየተነሳች የምታጠፋ አያት ዓይነት ነው፤ ቦታው እንደተለወጠ የነገረው ሰው የለም። ዊንዶውስ ደግሞ ማንም ባይነካው እንኳ በየጊዜው አንድ ነገር ይጽፋል፣ መዝገቡን ያድሳል፣ ዝማኔ ይፈልጋል። ዲስኩ ያሳርፋል፤ ዊንዶውስ ይቀሰቅሳል። ቀኑን ሙሉ።

ሒሳቡን ቴክኒሻኑ በፎቶ ኮፒ ወረቀት ጀርባ ላይ ሠራው። የላፕቶፕ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ 600,000 ጊዜ ሄዱን እንዲያሳርፍና እንዲያወርድ ታስቦ ይሠራል። በየ30 ሰከንዱ ቢያደርገው በሰዓት 120፣ በ10 ሰዓት የሥራ ቀን 1,200 ነው። 600,000ው በ500 የሥራ ቀን ያልቃል ማለት ነው። ቁጥሩ ሲሞላ ዲስኩ ያን ዕለት ይሞታል ማለት እንዳልሆነ ልብ ይባል፤ ከዚያ አልፎ የሚሠራም ብዙ ነው። ነገር ግን የአንድ ሙሉ የምረቃ ወቅት ጽሑፍ የተቀመጠበትን ዲስክ በዚህ ዕድል ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ደፋር ነው።

ይህን ያየነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2007 የኡቡንቱ ሊኑክስ ተጠቃሚዎች የላፕቶፖቻቸው ሲ1 ቁጥር በማይታመን ፍጥነት ሲያድግ አይተው ትልቅ ክርክር አስነስተው ነበር፤ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው፣ የዲስክ ሠሪው ነው፣ ወይስ የላፕቶፕ ሠሪው እየተባለ። ከዚያም ነገሩ ወደ ዴስክቶፕ ተሻገረ፤ ዌስተርን ዲጂታል ግሪን ብሎ ያወጣቸው ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ትልልቅ ዲስኮች ሥራ ካጡ በ8 ሰከንድ ሄዱን ያሳርፉ ነበር፤ ቀንና ሌሊት በሚሠሩ ማሽኖች ውስጥ ያስገቧቸው ሰዎችም ያንኑ ቁጥር ሲወጣ አዩ። ኩባንያው የሰከንዱን ልክ የሚቀይር መሣሪያ አወጣ።

መድኃኒቱ አጭር ነው። ዲስኩ ለኤሌክትሪክ ቁጠባ የሚታዘዝበት ኤፒኤም የሚባል መለኪያ አለ፤ ከ1 እስከ 254 ይሄዳል። 1 ማለት በተቻለህ ሁሉ ቆጥብ፣ 254 ማለት ስለ ኤሌክትሪክ አታስብ ነው። ያው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ውስጥ መለኪያውን ወደ መጨረሻው ገፋው፤ በሊኑክስ ቢሆን ኤችዲፓርም በተባለው ትእዛዝ ይደረጋል። ትእዛዙን የማይሰሙ ዲስኮችም አሉ። ይህኛው ሰማ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ቀጭታ የለም።

«ታዲያ ትንሽ ዲስክ ደካማ ነው ማለት ነው?» ጠየቁ ባለቤቷ፤ አነጋገራቸው ውስጥ የከፈሉት ገንዘብ አለበት።

ቴክኒሻኑ መልሱን ዘለለው፤ እኔ ግን ልመልሰው። ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ የተወለደው ለላፕቶፕ ነው። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ኮሎራዶ ውስጥ የነበረው ፕሬሪቴክ የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ የሚይዘው 20 ሜጋ ባይት ብቻ ነበር። ሳህኑ 65 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የዴስክቶፑ 95። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞረው የትንሹ ሳህን ጠርዝ በሰከንድ 18 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ 7,200 ጊዜ የሚዞረው የትልቁ 36 ያህል። ከሄዱ ሥር በአንድ ሰከንድ የሚያልፈው መንገድ እጥፍ ነው፤ ትልቅ ፊልም ሲገለበጥ ትልቁ የሚያሸንፈው በዚህ ነው። የሚፈለገው ቦታ ዞሮ ሄዱ ሥር እስኪደርስ የሚጠበቀውም በአማካይ 5.6 ሚሊ ሰከንድ ለትንሹ፣ 4.2 ለትልቁ ነው። ስለዚህ አዎ፣ የላፕቶፕ ዲስክ ዊንዶውስን ለማስነሳት ይጎተታል።

ጥፋቱ ግን የትንሽነቱ አይደለም። ሲጌት እ.ኤ.አ. በ2000 ለሰርቨር ያወጣው በደቂቃ 15,000 ጊዜ የሚዞር ዲስክ ከውጭ ሲታይ ትልቅ ነበር፤ ውስጡ ያሉት ሳህኖች ግን የላፕቶፕን የሚያክሉ ናቸው፤ ሰፊ ሳህን በዚያ ፍጥነት ሲዞር ይንቀጠቀጣል፤ ሙቀቱም አይቻልም። በ2008 ደግሞ ዌስተርን ዲጂታል ቬሎሲራፕተር የሚለውን ለዴስክቶፕ አወጣ፤ በትልቅ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ውስጥ የተሰካ ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ሲሆን በደቂቃ 10,000 ይዞራል። ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ስለሆነና 12 ቮልት ስለሚጠይቅ ላፕቶፕ ውስጥ አይገባም። አፕልም በ2005 ያወጣው የመጀመሪያው ማክ ሚኒ ዴስክቶፕ ሆኖ ሳለ የላፕቶፕ ዲስክ ነበረው፤ ቦታና ጸጥታ ለመግዛት ፍጥነት ከፈለ። ቴክኒሻኑ በላሜራ የሠራውን ፋብሪካዎችም ሠርተውታል።

ስንነሳ ቴክኒሻኑ ሌሎቹን ወጥመዶች ሲያወራልኝ ነበር። በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ ዲስክ ፈትቶ ለዴስክቶፕ ሊጠቀም ያሰበ ደንበኛ ውስጡን ሲያይ የሳታ መሰኪያ የለም፤ የዩኤስቢው መሰኪያ በቀጥታ ከዲስኩ ቦርድ ጋር ተበይዷል። ሌላው ከአዲስ ላፕቶፕ ያወጣውን ዲስክ ሲሰካ ዲስክ የሚቆልፈው ቢትሎከር 48 አሃዝ ቁጥር ጠየቀው፤ ቁልፉ የቀረው ከላፕቶፑ ማዘርቦርድ ጋር ነው።

የኛ ነገር ግን ገና አላለቀም ነበር። በማግስቱ ባለቤቷ ደወሉ፤ ቀጭታው ተመልሷል። ቴክኒሻኑ ሄዶ መለኪያውን ሲያይ ራሱ ወደ ድሮው ወርዷል። ማንም አልነካውም። ማታ ግን ኮምፒውተሯ ጠፍታ አድራለች። የኤፒኤም ትእዛዝ ዲስኩ ላይ የሚቆየው ኤሌክትሪክ እስካለ ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ዲስኩ የተነገረውን ረስቶ ከፋብሪካ ይዞት ወደ ወጣው ልማድ ይመለሳል። ይህን ለማወቅ አንድ ሌሊት በቃን። ፕሮግራሙ ኮምፒውተሯ በተነሳች ቁጥር አብሮ እንዲነሳና መለኪያውን እንደገና እንዲያስገባ አድርጎ አዘጋጀው።

ከሳምንታት በኋላ በዚያ ሳልፍ ሲ1ን አየሁት፤ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ብዙም አልራቀም። የጨመረው ጠዋት የምትነሳባትና ማታ የምትጠፋባት ናት። ባለቤቷ ግን አሁን ሌላ ጥያቄ ይዘዋል። «ዝም ብላለች፤ ስትነሳ ግን ቡና ተቆልቶ ይደርሳል።»

«ኤስኤስዲ ይግዙ እትዬ» አለ ቴክኒሻኑ። «መጠኑ ከዚህኛው ጋር አንድ ነው፤ መሰኪያውም ያው፤ የብሎኑ ቀዳዳም ያው። ዊንዶውስ እሱ ላይ ይሆናል፤ ይሄኛው ሁለተኛ ሆኖ የተማሪዎቹን ፋይል ይይዛል። ሄዱን ቢያሳርፍም ያን ጊዜ ማንም አይቀሰቅሰውም።»

«ለሁለተኛው ደግሞ ላሜራ ልታስከፍለኝ ነው?»

«ላሜራው ድሮም ለሁለት የተበሳ ነው።»